«የኔዋ እንኳን 60 ናት» ሲል ሁሉም ሳቀ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከደሴ ነው። ረዘም ያለ ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ። ማን እንደሆነች የሚያሳብቁ ነገሮችንም አውጥቻለሁ።

«ሰላም ላንቺ ይሁን እትዬ። አራት ባልና ሚስቶች ነን፤ ከዩኒቨርሲቲ ጊዜ ጀምሮ አንለያይም። ባሎቻችን አንዱ ላንዱ ሚዜ ሆነው ነው ያገቡት። ሁለቱ ቤት ሙስሊም ነው፣ ሁለቱ ክርስቲያን፤ በዓል ሲመጣ ማን ቤት እንደምንውል እንኳን አንጠያየቅም፣ ይታወቃል። ጥቅምት ላይ፣ የነቢያት ጾም ሳይገባ፣ ልጆቹን ለአያቶቻቸው ሰጥተን ሐይቅ ሄደን አደርን። አሳ በላን፣ ተጫወትን፣ ደስ ብሎን ነበር። ማታ መምህሩ ጓደኛችን ላፕቶፑን አውጥቶ የታይለር ፔሪን ‹ዋይ ዲድ አይ ጌት ሜሪድ› (ለምን አገባሁ) የሚለውን ፊልም ከፈተልን። እነሱም እንደኛ አራት ባልና ሚስት ናቸው፤ ሽርሽር ሄደው የሁሉም ጉድ ይወጣል። መምህሩ እየተረጎመ፣ ከራሱም እየጨመረ በሳቅ ገደለን።

ፊልሙ ሲያልቅ ‹በሉ እኛም እንጠያየቅ፣ ለምን ተጋባን?› ተባለ። ፊልሙ ላይ ደግሞ 80 ለ 20 የሚሉት ነገር አለ። ሰው ከትዳሩ የሚያገኘው 80 ከመቶውን ነው ይላል። ‹በሰማንያ ላገባ ሰው 80 መች አነሰው› እያሉ ሲቀላለዱ አንዱ ባለቤቴን ‹ያንተዋስ ስንት ናት?› አለው። ምን ቢል ጥሩ ነው? ‹የኔዋ እንኳን 60 ናት፤ እሱም ሱቋን ከዘጋች!› ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ወዲህ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ። ሽንኩርት እየከተፍኩ 60 እላለሁ። ልጆቹን እያጠብኩ 60 እላለሁ። ፒያሳ ትንሽ የልብስ ሱቅ ከከፈትኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ አንዳንዴ ማታ 2 ሰዓት ይሆናል ስዘጋ። እሱ ኮምቦልቻ ነው የሚሠራው፣ ተመላልሶ።

ዋናው ግን ይሄ አይደለም። በማግስቱ ወንዶቹ እስጢፋኖስ ገዳም ሲሄዱ፣ ሴት ስለማይገባ እኛ ሐይቁ ዳር ቡና አስፈልተን ቀረን። ከመሐላችን አንዷ፣ ለኔ እንደ እህቴ ናት፣ ብቻችንን ስንሆን ክንዷን አስነካችኝ። ክንድ ውስጥ የሚቀበረው የወሊድ መከላከያ ነው፤ ከገባላት ሁለት ዓመት አልፏል። ባሏ አያውቅም። እሱ ሁለተኛ ልጅ እያለ እንቅልፍ አጥቷል፤ አማቷ በየቡናው ዱዓ ያስደርጋሉ፣ እሷም አብራ ‹አሚን› ትላለች። የመጀመሪያዋን ስትወልድ ደም ፈሷት ለትንሽ ነው የተረፈችው፣ ድጋሚ ማርገዝ ፈርታ ነው። ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ። አሁን ባሏ የኔን ባል ‹ያንተዋ ታውቅ ይሆናል፣ እስቲ ጠይቅልኝ› ብሎት ባለቤቴ ጠየቀኝ። ‹እኔ ምን አውቄ› አልኩት። ለገና ደግሞ ስምንታችንም ላሊበላ ልንሄድ ተነጋግረናል። እዚያ እንደ ፊልሙ አንድ ማታ ማዕድ ላይ ያመልጠኛል ብዬ ፈራሁ። ልንገረው ወይስ ዝም ልበል? ጉዞውንስ ልሂድ ወይስ ልቅር? ባለቤቴስ የተናገረው የልቡን ነው?

ባለ 60ዋ ነኝ»

የኔ እህት፣ መጀመሪያ አብሽሪ። ከጻፍሽልኝ ውስጥ ዛሬ ማታ ካልተፈታ ቤት የሚያፈርስ ነገር የለም። ቀስ ብለሽ ትደርሽበታለሽ።

ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ከደብዳቤሽ የቆረጥኩት ክፍል በሙሉ ስለ ጓደኞችሽ ነበር። ማን ከማን ጋር እንደሚኮራረፍ፣ ማን መኪና እንደገዛ፣ ማን ለማን ምን እንዳለ። ስለ ባልሽ የጻፍሽው ከላይ ያለው ብቻ ነው፤ እሱንም «ዋናው ግን ይሄ አይደለም» ብለሽ ዘጋሽው። ለኔ ዋናው እሱ ነው። የጓደኛሽም ጉዳይ ቢሆን ፈታ አድርገሽ ስታዪው ያው ነው። እናንተ ስምንታችሁ ስትሰበሰቡ ሁሉ ነገር ይወራል። ሁለት ሁለት ስትሆኑ ዝም ነው።

ፊልሙን አይቼዋለሁ። አሜሪካ ሲኒማ ቤት የገባው ልክ በኛ ጥቅምት 2000 ነው፣ የሚሌኒየሙ ሆይ ሆይታ ገና ሳይበርድ። ከዚያ በፊት የመድረክ ቲያትር ነበር። ታይለር ፔሪ ራሱ ጽፎት፣ ራሱ አዘጋጅቶት፣ ቴሪ የሚባለውን ባልም ራሱ ሆኖ ይጫወታል። እነዚያ ጓደኛሞች ከኮሌጅ ጀምሮ የሚተዋወቁ ናቸው፤ በየዓመቱ ከከተማ ወጣ ብለው አብረው ይሰነብታሉ። በፊልሙ የሄዱት በረዶ ወደሚጥልበት የኮሎራዶ ተራራ ነው። «ለምን ተጋባን?» የሚለውን ጥያቄም ያን ቀን አልፈጠሩትም፣ ልማዳቸው ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የማያስተውለው። በየዓመቱ ሲጠያየቁ የኖሩት እነዚህ ሰዎች ናቸው ሁሉን ነገር የተደባበቁት። ጓደኛ ፊት ሲጠየቁ የሚያምር መልስ ይመልሳሉ፣ ይጨበጨባል፣ ከዚያ እያንዳንዱ ገመናውን እንደያዘ ወደ ክፍሉ ይገባል። ፓትሪሺያ የምትባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት፣ ስለ ትዳር መጽሐፍ የጻፈች። ልጃቸው በመኪና አደጋ ሞቶባቸዋል፣ መኪናውን ስትነዳ የነበረችው እሷ ናት፣ ግን ከባሏ ጋር ቁጭ ብለው አላወሩበትም። (እኔም ሰው ስለምመክር ይቺን ሴትዮ ባየኋት ቁጥር ትንሽ ትቆረቁረኛለች። እንለፈው።)

እና ሰው ፊት «ለምን አገባህ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ለሰው የሚሆን መልስ ነው የሚመልሰው። ባልሽም ያደረገው ይህንኑ ነው። መምህሩ በሳቅ ሲገድላችሁ ያመሸበት ቤት ውስጥ ተራው ደረሰው፣ የሚያስቅ ነገር ፈለገ፣ ያገኘው ደግሞ አንቺን ነው። ይሄ ጥፋት አይደለም አላልኩም። ጥፋት ነው። ግን እንደ ፍርድ ወስደሽ ሽንኩርት እየከተፍሽ የምትደግሚው ነገር አይደለም።

ስለዚያ 80 ለ 20 ደግሞ ነገሩ ግማሹ ብቻ ነው የደረሳችሁ። ቴሪ ይህን የሚናገረው ለወንዶቹ ነው፣ ከሚስት ውጭ ስለ መሄድ ሲያወሩ። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ቤትህ ከሚያስፈልግህ 80ውን ታገኛለህ። የጎደለችህን 20 ይዛ ሌላ ሴት ትመጣለች። ያቺ 20 ስለጎደለችህ ብቻ ትልቅ ትመስልሃለች፣ 80ውን ጥለህ ትሄዳለህ፣ ከዚያ በእጅህ የቀረው 20 ብቻ መሆኑ ኋላ ይገባሃል። ለመሄድ ያኮበኮበን ወንድ ቁጭ ለማድረግ የተባለ ነገር ነው እንግዲህ። ሚስትን እንደ ፈተና ወረቀት ለማረም አልተባለም። ቁጥሩንም ማንም ለክቶ አላመጣውም። 80 ለ 20 የሚሉት ነገር ከኢኮኖሚ የመጣ ነው፤ ፓሬቶ የሚባል ሰው ጣሊያን ውስጥ መሬቱ በጥቂት ሰው እጅ መሆኑን ካየበት ነገር ተነስቶ ነው ንግድ ቤት ሁሉ የገባው። ስለዚህ 60ውንም ተይው፣ 80ውንም ተይው። ባልሽ መቶ ብሎሽ ቢሆን ኖሮ በልብሽ «ዋሾ» ትይው ነበር፣ እውነት እንነጋገር ከተባለ።

ያቺ ሺላ የምትባለው ባሏ ሰው ፊት ስለ ውፍረቷ ሲያላግጥባት ራስሽን እንዳየሽባት ይገባኛል። ያ ክፍል ሴት ሁሉ ያመዋል። አውሮፕላን ላይ ስለ ውፍረትሽ የሁለት ሰው ቦታ ክፈይ ብለው ሲያስወርዷት ባሏ አብሯት አልወረደም። ከሌላዋ ሴት ጋር በረረ፣ እሷ ብቻዋን በዚያ በረዶ መኪና እየነዳች ደረሰች። ሌላዋ ሴት ውሽማው ናት፣ ጓደኛዬ ብላ የጋበዘቻት ደግሞ ሺላ ራሷ ናት! ያንቺ ባል ይሄ ነው? በጻፍሽልኝ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። እኔ በናንተ ቤት ያየሁት ቴሪንና ዳያንን ነው። ዳያን ጠበቃ ናት፣ ሥራዋን ትወዳለች፣ ሽርሽር ላይ እንኳን ስልኩ ከእጇ አይወርድም። ቴሪ ሚስቴ ናፈቀችኝ ለማለት ያፍራል፣ ስለዚህ ይነጫነጫል። ደብዳቤሽ ላይ ባልሽ ያለውን ራስሽ ጽፈሽዋል፣ «እሱም ሱቋን ከዘጋች»። አንቺ 60 ላይ ቆመሽ ቀረሽ። ቅሬታው ያለው ግን ከ60 ቀጥሎ ባለችው ቃል ውስጥ ነው።

እስቲ አስቢው። ሰውየው ከኮምቦልቻ በዚያ በሀረጎ ጠመዝማዛ ወጥቶ፣ የደሴን ብርድ ተቀብሎ ቤት ሲደርስ ልጆቹ አሉ፣ አንቺ የለሽም። ይሄ ዓመት ሊሞላው ነው። አንድ ቀን ቁጭ ብሎ «እንዲህ ሆንኩ» ብሎሻል? ካላለሽ ጥፋቱ የሱ ነው። አንቺስ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? ካልጠየቅሽ ያንቺም አለበት። በቤት ያላወራችሁትን ስድስት ሰው ፊት ነው የሰማሽው። ያመመሽም ይሄ ይመስለኛል።

ሱቅሽን እንዳትዘጊ። ይሄን አስቀድሜ ልበል፣ ምክንያቱም አንዳንድ ሰው ይሄን ደብዳቤ አንብቦ «በቃ ሚስት ቤቷ ትግባ» ይለኛል። አይደለም። በዚህ ኑሮ በአንድ ደመወዝ ልጅ እያሳደጉ ማን እንደሚዘልቅ አላውቅም። ደግሞ ሱቁ ያንቺ ነው፣ ደክመሽበታል። ግን ሰዓቱ መነጋገር ይችላል። ሰኞ የገበያ ቀን ነው፣ ገጠሩ ሁሉ ይወጣል፣ አምሺ። ሌላው ቀን ሁሉ እስከ 2 ሰዓት መቀመጥ ያስፈልገዋል? ሒሳብሽን ገልጠሽ እዪው፤ ከ12 ሰዓት በኋላ የሸጥሽው የመብራቱን እንኳን የማይከፍልበት ቀን ካለ ያን ቀን ቀድመሽ ዝጊ። አንዳንድ ቀን ደግሞ እሱ ከሥራ ሲመለስ ቤት ከመግባቱ በፊት ሱቁ ጋ ይውረድ፣ አብራችሁ ግቡ። ይሄን ሁሉ ግን አንቺ ብቻሽን ወስነሽ አታቅርቢለት። አብራችሁ አውጡት።

መቼ ይነገር? ከሥራ ደክሞ በገባበት ማታ አይሆንም። ልጆቹ ባሉበትም አይሆንም። እሁድ ጠዋት ቡና አፍይ፣ ማንም ሰው አትጥሪ፣ ጎረቤትም ቢሆን። ሲረጋጋ እንዲህ በይው፤ «ሐይቅ ያልከው ነገር አሞኛል። ቁጥሩ አይደለም፣ ሰው ፊት መሆኑ ነው።» ከዚያ ዝም በይ። ይሄ ዝምታ ይከብድሻል፣ አውቃለሁ፣ ግን ዝም በይ። «40ው ምንድን ነው?» ብለሽ እንዳትጠይቂው። ከጠየቅሽው ይዘረዝርልሻል፣ አንቺም የሱን ትዘረዝሪያለሽ፣ ቶናው ሳይቀዳ ቤቱ ጦር ሜዳ ይሆናል። «ቀልድ እኮ ነው፣ ምን ያዝሽው» ይል ይሆናል። ወንድ ሲጨንቀው መጀመሪያ የሚያነሳት መሣሪያ ይቺ ናት። «ቀልድ መሆኑን አውቃለሁ፣ እኔም ስቄያለሁ፤ ግን ሁለተኛ በኔ እንዳትቀልድ። ሱቁ ከብዶህ ከሆነ ለኔ ንገረኝ» በይው። ካወራ አድምጪው። አፍሮ ዝም ካለም ችግር የለውም፣ ሰምቶሻል፤ ጥቂት ቀን ስጪው።

ይህን ሁሉ የምለው ነገሩ የአንድ ማታ ቀልድ ከሆነ ነው። ሰው በተሰበሰበ ቁጥር አንቺን ማዋረድ ልማዱ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የሚሰማውን ትልቅ ሰው ፈልጊ። ሚዜውን አላልኩም። ሚዜው አሁን የራሱ እሳት አለበት።

ወደሱ እንምጣ።

ጓደኛሽ «አሚን» ትላለች ያልሽውን ሳነብ ስቄያለሁ፣ ወዲያው ደግሞ ሆዴን ባር ባር አለኝ። እዚያ ቡና ላይ ተቀምጣ፣ ዕጣኑ እየጨሰ፣ አማቷ እጃቸውን ዘርግተው ለልጅ ሲለምኑላት፣ ክንዷ ውስጥ ያለውን እያወቀች አሚን የምትል ሴት ምን ያህል እንደፈራች አስቢው። የወለደችበት ቀን ገና ከውስጧ አልወጣም። ደም ፈሷት ሞትን አይታ የተመለሰች ሴት ናት፤ ሰው ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ እንኳን አላህ አተረፈሽ» ብሏት ገንፎውን በልቶ ሄደ። እንዴት ሆንሽ ብሎ ቁጭ ያለላት ያለ አይመስለኝም። ባሏም ጭምር።

በፊልሙ ዳያንም የደበቀችው ተመሳሳይ ነገር ነው፤ ከመጀመሪያ ልጇ በኋላ ለባሏ ሳትነግር እንዳትወልድ ተደርጋለች። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ዳያን ያስደረገችው የማህፀን ቱቦ ማስቋጠር ነው፤ እሱ ለዘለቄታው ነው የሚደረገው፣ ወደኋላ ለመመለስ በጣም ያስቸግራል። የጓደኛሽ ግን የሚወጣ ነው። በክንድ የሚቀበረው እንደ ዓይነቱ 3 ወይም 5 ዓመት ይሠራል። በፈለገች ቀን የጤና ባለሙያ ክንዷን አደንዝዞ በትንሹ ሰንጥቆ ያወጣዋል፣ ብዙ ሴት ከወጣላት በኋላ ሳትቆይ ታረግዛለች። ስለዚህ የተዘጋ በር የለም። ሁለተኛ ነገር፣ አንቺ ክንዷን ነክተሽ እንዳገኘሽው ባሏም አንድ ቀን እጁ ላይ ይመጣል። እስካሁን አለማግኘቱ ራሱ ይገርመኛል። በእጁ አግኝቶ ከሚጠይቃት በአፏ ብትነግረው ይሻላታል። ደግሞ ሁለተኛው ልጅ በዘገየ ቁጥር ሰው ማውራት ይጀምራል፤ የሀገራችንን ሰው ታውቂው የለ፣ «ማህፀኗ ተዘጋ» የሚለውም፣ «ሌላ አግባ» የሚለውም ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም።

ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም የፈሰሳት ሴት መፍራቷ ትክክል ነው። ዝም ብሎ «ምንም አትሆኚም» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም፣ ድጋሚ ሊያጋጥም ይችላልና። ግን ከማርገዟ በፊት ሐኪም አይቷት፣ ደሟ ተመርምሮ፣ ያለፈው ታሪኳ ክትትል በምታደርግበት ካርድ ላይ ተጽፎ፣ ደም ማግኘት በሚቻልበት ሆስፒታል ከወለደች ነገሩ በጣም ይለያል። እንደሷ ሆነው በሰላም የወለዱ ብዙ ናቸው። ሐኪሙ «ይቅርብሽ» ካላትም ባሏ ከሐኪሙ አፍ ይስማው። ብቻዋን ልትነግረው ከፈራች አንዱ መንገድ ይሄው ነው፤ ባልና ሚስት አብረው ገብተው ባለሙያ ባለበት ማውራት። ክንዷ የሷ ነው፣ መውለድ አለመውለዷንም ማንም አያስገድዳትም። ባሏም ግን በየወሩ ተስፋ እያደረገ መኖር የለበትም።

አሁን አንቺ ጋ ልምጣ። ልንገረው ወይ ላልሽው፣ አትንገሪው። ለሱም፣ ለባልሽም። ምስጢሩ የሷ ነው፣ የሰውነቷ ነገር ነው፣ ምላሽም ተቀብላሻለች። ነገር ግን ባልሽ ሲጠይቅሽ «እኔ ምን አውቄ» ያልሽው አላማረኝም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ምስጢር ጠባቂ ነበርሽ፤ ከዚያች ሰዓት ወዲህ ባልሽን የዋሸሽ ሚስት ሆንሽ። ነገ ሲወጣ (ይወጣል) ጓደኛሽና ባሏ ታርቀው ምሳ ሲበሉ አንቺ ቤት ጠቡ ይጀምራል። «አንቺ ታውቂ ነበር?» ይላል። ምን ትመልሺለታለሽ?

ደግሞ እስቲ መንገዱን ተመልከችው። ሰውየው ሚስቱን መጠየቅ ፈርቶ ባልሽን ጠየቀ። ባልሽ አንቺን ጠየቀ። ጓደኛሽ ባሏን መንገር ፈርታ ለአንቺ ነገረች። አንድ አልጋ ላይ የሚተኙ ሁለት ሰዎች ወሬያቸው ሸዋ በርን ዞሮ፣ ፒያሳን አቋርጦ፣ በናንተ ሳሎን አልፎ ነው ሊገናኝ የሚሞክረው! ወላሂ እናንተ ጓደኛሞች ብትዋደዱም ትንሽ አብዝታችሁታል።

ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ጓደኛሽ ሂጂ። በስልክ አይሆንም፣ በቴሌግራምም አይሆንም፣ ስልክ ሰው እጅ ይገባል። ብቻዋን አግኝተሽ «ምስጢርሽ እኔ ጋ ነው፣ አላወጣውም። ግን ባሌ ጠይቆኝ ዋሽቼዋለሁ፣ ሁለተኛ አልዋሽም። አውቃለሁ ግን አልናገርም ነው የምለው። ሰው መጠርጠሩ አይቀርምና ቀድመሽ ራስሽ ንገሪው። ሐኪም ቤትም ከፈለግሽ አብሬሽ እሄዳለሁ» በያት። ትቆጣ ይሆናል፣ ታለቅስም ይሆናል። አታስፈራሪያት፣ ቀን ቆርጠሽም አትያዣት። ግን ቃልሽን እንዳታጥፊ።

ከዚያ ባልሽን። «ያን ቀን ስለ ጓደኛህ ሚስት የጠየቅኸኝን አላውቅም ብዬህ ነበር። የማውቀው ነገር አለ። የኔ ስላልሆነ አልነግርህም፣ አንተም አትጠይቀኝ። ጓደኛህን ሚስትህን ራስህ ጠይቃት በለው፣ ሲጠይቃትም ቀስ ብሎ ይሁን።» በቃ። ከዚህ በላይ አንዲት ቃል እንዳትጨምሪ። ባልሽ ይገምት ይሆናል፣ ይገምት። ይህንን ግን ከሱቁ ወሬ ጋር በአንድ ቀን አታድርጊው። የሱቁ ይቅደም። የራሳችሁን ሳታወሩ የሰው ገመና ከከፈታችሁ እንደለመዳችሁት በሰው ወሬ ተሸፍናችሁ ታልፋላችሁ።

ማዕድ ላይ ያመልጠኛል ብለሽ የፈራሽውን በተመለከተ፣ የሚያመልጥሽ አይመስለኝም። እንዲህ የሚያስብ ሰው አያመልጠውም። በፊልሙ አንጄላ የምትባለዋ ሚስት ናት እራት ላይ የጀመረችው። የሺላን ባል ውሽምነት አፈረጠችው፣ ከዚያ የአንዱ ጉድ የሌላውን እየጎተተ ሁሉም ወጣ። ሲታይ ያስቃል፣ ትንሽም ደስ ይላል፤ ያ አላጋጭ ባል እጁ ሲያዝ እኔም እሰይ ብያለሁ። ግን ፊልም ሠሪ ሁሉንም ነገር በአንድ እራት ማፈንዳት ግድ ይለዋል፣ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው ያለው። እነሱ ሲጣሉ ሻንጣቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ተበተኑ። እናንተ የት ትበተናላችሁ? ቅሬያችሁ (እድራችሁ) አንድ፣ የልጆቻችሁ ትምህርት ቤት አንድ፣ ሐዘን ሲመጣ አንድ ድንኳን ውስጥ ነው የምትቀመጡት። ሺላም ቢሆን ኋላ ላይ ደስ ያላት በዚያ እራት ሳይሆን ያንን ባል ትታ ሥራ ስትይዝና የሚያከብራትን ሰው ስታገኝ ነው።

ላሊበላን ሂዱ። ለምን ትቀሪያለሽ? ቤዛ ኩሉን እዚያ ሆኖ ማየት የመሰለ ነገር የለም፤ ሙስሊሞቹ ጓደኞቻችሁም አብረው መሄዳቸው የወሎ ነገር ነው፣ ደስ አለኝ። ጨዋታዋን ግን እዚሁ ተዉአት። ማንም «ለምን ተጋባን» ብሎ ቢያነሳ አንቺ ሳትቆጪ «እሱን ከባሌ ጋር ለብቻችን ነው የምንጠያየቀው» ብለሽ ወደ ሌላ ወሬ ውሰጃቸው። ጓደኛሽ እስከዚያ ካልነገረችው ጉዞው ላይ ለብቻችሁ ሆናችሁ አትንሾካሾኩ፣ ከሩቅ ይታያል። መምህሩም ላፕቶፑን ይዞ ቢመጣ ሁለተኛውን ክፍል እንዳይከፍትባችሁ። በ2002 ዓ.ም ነው የወጣው፣ እነዚያው ሰዎች ባሃማስ ሄደው እንደገና ይጠያየቃሉ፤ ያቺ መጽሐፍ የጻፈችው ፓትሪሺያና ባሏ እንኳን በፍቺ ይፋጃሉ፣ ባልየውም በመኪና ተገጭቶ ይሞታል። ለበዓል አይሆንም።

አልጋ ግን ካልያዛችሁ ዛሬውኑ ደውሉ። ለገና የሚመጣው ሕዝብ ብዛቱ ሌላ ነው፤ ዘግይታችሁ ከደረሳችሁ ስምንታችሁም አንድ ክፍል ውስጥ ነው የምታድሩት።